በእርሳስ የተጻፈው ስም

በዚያ ቅዳሜ በሐጂ ናስር ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሐጂ ናስር አልጋቸው ላይ፣ ጀርባቸው በሦስት ትራስ ተደግፎ። ባለቤታቸው ሐጃ ሰልማ በእግራቸው በኩል ባለው ወንበር ላይ። ትልቁ ልጃቸው ሳሊም፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩን ተደግፎ። ታናሹ ያሲን፣ ቤልቪው ኢንጂነር የሆነው፣ ስልኩን ሪከርድ ላይ አድርጎ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ። ለምስክርነት ከመስጊድ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ጆሯቸው የሚከብዳቸው። የጎሳቸውን የዘር ሐረግ ሊጽፍ ከሌላ ስቴት በአውሮፕላን የመጣው ጸሐፊ፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ እርሳስ ይዞ። ስምንተኛዋ እኔ፣ አስታማሚያቸው ነኝ፤ በስተግራቸው፣ የውሃ ብርጭቆ በእጄ።

ከስምንታችን አማርኛ የሚሰማው ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ሐጂና እኔ። ይህን መጀመሪያ የምናገረው የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው።

ከሥራ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን ሳጥብ፣ ሳበላና ሳገላብጥ ኖሬ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ አቆምኩ። ኤጀንሲው ኬክ ቆርጦ ሸኘኝ። ደሞዙ ልጄን ሩትን ለማሳደግ በቅቶኛል። ወረቀቱ ግን ብዙ ነበር፤ ስትገቢም ስትወጪም ኮል አድርገሽ መመዝገብ ነው። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የምጽፈውም ሩት «ማሚ፣ በቃሽ፣ በሌሊት እየተነሳሽ ምድጃ ከምትነኪ ጻፊው» ስላለችኝ ነው። እውነቷን ነው፤ ያጠፋሁትን ምድጃ ሁለቴ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሩት ሠላሳ ዓመት ሞልቷት እንኳ ቤቷ ደርሳ ካልደወለች መስኮት አጠገብ እቆማለሁ።

ያደግሁት አሰብ ነው። አባቴ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። በግራም በቀኝም ጎረቤቶቻችን የመናውያን ስለነበሩ ከልጆቻቸው ጋር ስጫወት አረብኛ ለመድኩ። ማንበብ አልችልም፤ ሳወራ ግን ከእነሱ አልለይም። ይህ አረብኛ አንድ ቀን እንጀራዬ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሲያትል እንደመጣሁ ሥራ የጀመርኩት ኤርፖርቱ ባለበት በሲታክ በአንድ ሆቴል አንሶላ በማጠብ ነበር። ከዚያ ያወጡኝ እትዬ ለተብርሃን ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ያደጉት አዲስ አበባ ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን እጄን አይተው «ይህ እጅ ለአንሶላ ይባክናል፤ ሰው ያዢበት» አሉኝና በሽተኛን በቤቱ ወደሚያስታምመው ወደ ሆም ኬር ሥራ ወሰዱኝ።

የማውቀውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሙቅ ውሃ ሥር ይይዛሉ። የሚያደርጉትን አስቀድመው ይናገራሉ፤ «አሁን ቀኝ እጅዎን አነሳለሁ» ይላሉ፤ የማይሰማ ሰው ቢሆንም ይናገራሉ። የውሃውን ሙቀት በእጅ አንጓ ይለካሉ። ፊት መጀመሪያ፣ ዓይን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የጨርቁ ሌላ ጫፍ። ቀጥሎ አንገት፣ ክንድ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን፣ እግር። የሚታጠበው ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው እንደተሸፈነ ይቆያል። ተረከዝና ወገብ ላይ የቀላ ነገር ካለ በጣት ይጫኑታል፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ቦታው ካልነጣ ያን ቀን ለነርሷ ይደውላሉ። ጣት ለጣት መሃል ሳያደርቁ ካልሲ አያለብሱም።

አንድ ሌላ ትእዛዝ ነበራቸው። «የሰው ቤት ስትገቢ ጆሮሽን ከጫማሽ ጋር በር ላይ አውልቂ» ይሉኝ ነበር። «የባልና የሚስት ነገር፣ የውርስ ነገር፣ የልጆች ነገር አያገባሽም። ቢጠይቁሽም አልሰማሁም በይ።» እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ይህ ትእዛዝ ተመቸኝ።

የመጀመሪያ ታማሚዬ ባላርድ የሚኖሩ የዓሣ አጥማጅ ሚስት የነበሩ ሴት ናቸው። ማስታወስ ትተዋል። እኔን «ኢንግሪድ» ይሉኝ ነበር፤ የሞተች እህታቸው ስም ነው። በሁለተኛው ቀን «እኔ ኢንግሪድ አይደለሁም፤ ኢንግሪድ ሞታለች» አልኳቸው፤ ያረምኩ መስሎኝ። እህታቸው ያን ቀን የሞተች ያህል አለቀሱ። እትዬ ለተብርሃን ሲሰሙ ተቆጡኝ። «የረሳን ሰው አታርሚ። ያለበት ቦታ ድረስ አንቺ ሂጂለት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኢንግሪድ ሆኜ ሠራሁ።

ብዙ ቤት ገባሁ፤ ሁሉን ብጽፍ አይበቃኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መዳቢያችን ዳያና ደወለችልኝ። አረብኛ ብቻ የሚናገሩ ሽማግሌ አሉ፤ ሦስት ሰው መልሰዋል፤ አንቺን እንሞክር አለችኝ። ከምኖርበት ከስካይዌይ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ሲታክ ወረድኩ። አፓርታማው የአውሮፕላን መውረጃ ሥር ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።

ሐጂ ናስር ከወገባቸው በታች እንደ ልብ አይታዘዝላቸውም ነበር። ገና እንደገባሁ በአረብኛ ጠየቁኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የገብረየስ።»

«ገብረየስ የማን ነው?»

«የተስፋይ።»

«ተስፋይስ?»

ከዚያ በላይ አላውቅም።

«ሁለት ብቻ?» አሉ። «የጥንት አረብ የፈረሱን እንኳ እስከ ስድስት እናት ድረስ ይቆጥር ነበር። ፈረስ ትበልጥሻለች።»

ሐጃ ሰልማ ከኩሽና «ተዋት ሰውዬ፣ ገና ጫማዋን አላወለቀችም» አሏቸው።

«ልጅ አለሽ?» አሉኝ ሐጂ። ሩት አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኡም ሩት» ሆንኩ፤ የሩት እናት ማለታቸው ነው። ወደ ላይ ሁለት ብቻ ካለኝ ወደ ታች በልጄ ሊቆጥሩኝ ብለው ነው።

አባታቸው በአገራቸው በየመን ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች በዝምድና ሲከራከሩ፣ እንግዳ መጥቶ «የእናንተ ነኝ» ሲል፣ ቆጣሪው ይጠራል። ሐጂም ከአባታቸው ተምረዋል፤ የኖሩት ግን ጨርቅ ነግደው ነው። ሸጀራ የሚሉት ትልቅ የዘር ዛፍ ነበራቸው፤ ብራና የመሰለ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ በቀርከሃ ቱቦ ተጠቅልሎ አልጋቸው ሥር የሚቀመጥ። በአንድ ሰው አፍ ብቻ የሰሙትን ስም በእርሳስ ይጽፋሉ። ሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር ያልተማከረ ሰው ያንኑ ስም ሲናገር ያኔ በቀለም ይደግሙታል። በእርሳስ እንዳለ ሃምሳ ዓመት የቆየ ስም አሳይተውኛል። «አልሰረዝኩትም፤ አላጸደቅኩትም። ሁለተኛው አፍ እስኪመጣ ይጠብቃል» አሉኝ።

ማጠብ ስጀምር እሳቸውም መቁጠር ይጀምራሉ። መጀመሪያ ይህ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ስይዝ የሩቁን አባት ይጠራሉ፤ ወደ ደረት ስወርድ ቀጣዩን። አውሮፕላን ሲያልፍ የያዙትን ስም አፋቸው ውስጥ ያቆዩና ጩኸቱ ሲያልቅ ከዚያው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን እጄን ያዝ አድርገው ጠየቁኝ።

«ማን አስተማረሽ ከራስ ወደ እግር መውረድ?»

«እትዬ ለተብርሃን።»

«ታዲያ ዘር ቆጣሪ ናት በያት። የጥንቶቹም ሕዝቡን የደረደሩት በሰው ገላ ነው። ትልቁ ነገድ ራስ ነው። ከእሱ የሚወጣው ደረት። ከደረት በታች ያለውን ቅርንጫፍ በጥን ይሉታል፤ ሆድ። ከእሱ የሚያንሰው ፈኺዝ፤ ጭን። የቅርብ ቤተሰብ ቅልጥም ላይ ነው። እግሬን በደንብ እሺ፤ ልጆቼ ያሉት እዚያ ነው።»

እንዲህ ሆኖ በእጄ ላይ ባለ ፎጣ የጥንት አረቦችን ተማርኩ። ሁለት ግንድ አላቸው አሉኝ፤ የደቡቡ ቀህጣን፣ የሰሜኑ ዐድናን። እሳቸው ከደቡቡ ናቸው። ለምን ይህን ያህል እንደሚቆጥሩ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ። «በረሃ ላይ አጥር የለም፣ ዳኛ የለም። ሰው ቢገድልሽ ማን እንደሚጠይቅልሽ የሚታወቀው በስምሽ ነው። ከስም ዝርዝር የወጣ ሰው የሚጠይቅለት የለውም።»

እኔ ዘር እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሐጂ ሳቁብኝ። ቁዳዓ የሚባል ትልቅ ነገድ ነበር አሉ፤ ከሰሜኖቹ ጋር ሲሆን የሰሜኑን አባት ጠራ፤ ከደቡቦቹ ጋር ሲያብር የደቡቡን።

«አባት ይቀየራል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰው ሲፈራ ይቀይራል። የቆጣሪ ሥራ መናደድ አይደለም፤ ሁለቱንም መጻፍ ነው። ደካማ ነገድ ከብርቱ ጋር ይማማላል፤ ልጆቹ ጎረቤት ይባላሉ፤ የልጅ ልጆቹ ወንድም ይባላሉ። በእናት ስም የሚጠራም አለ። በጂላ የሚባለው ነገድ ስሙ የሴት ነው ይላሉ፤ የኺንዲፍም እንዲሁ። ስንት ሺህ ጎራዴ የያዘ ወንድ በእናቱ ስም ሲፎክር ኖረ። ሴት አይጻፍም የሚለው ሰነፍ ጸሐፊ ነው።»

እግራቸው ላይ ስደርስ ልጆቻቸውን በጣት ይቆጥራሉ። ትልቁ ጣት ሳሊም። ሁለተኛውና ሦስተኛው የመን የተዳሩት ሴቶች ልጆቻቸው። አራተኛው ያሲን። ትንሿ ጣት ላይ ዝም ይላሉ። ለወራት ዝም ሲሉ አጥቤ አድርቄ አልፌያለሁ። ጆሮዬ በር ላይ ነበረች።

አንድ ጠዋት ሐጃ ገበያ ወጥተው ሳለ ትንሿ ጣት ላይ ስደርስ ሐጂ በአማርኛ «ይቺ ዘሃራ ነው» አሉ።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። አማርኛ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። አማርኛቸው የድሮ የአረብ ሱቅ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» የሚል።

ባቲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። «ናስር አረቡ» ይባሉ ነበር። ፋጡማ የምትባል የአገሩ ልጅ አግብተው ዘሃራ ተወለደች። ሱቆች በመንግሥት ሲወረሱ አገር ለቀው ወጡ፤ «ስድስት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ» ብለው። አልተመለሱም። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ልከዋል፤ መልስ አልመጣም። ሲወጡ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፤ ሱቅ ውስጥ ስትሮጥ የጨርቅ መለኪያው ብረት ላይ ወድቃ ነው።

«ታዲያ ከሁሉም ታላቅ እሷ ናት» አልኳቸው። «ለምን ትንሿ ጣት ሆነች?»

«ትንሽ ሆና ነው የማውቀው» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ትንሿ ጣት ላይ ስንደርስ በአማርኛ «ማን ቀረ?» ይሉኛል፤ እኔ «ዘሃራ» እላለሁ፤ እሳቸው «ዘሃራ» ብለው ይደግማሉ። መርሳት ጀምረው ነበርና እንደ መድኃኒት ሰዓት ጠብቀን እንለው ነበር። የአባታቸውን ስም የሳቱ ቀን በጣም ደነገጡ። እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ። «እኔ ብረሳ አንቺ አስታውሺኝ። አርሚኝ፤ አትዘኚልኝ።» እሺ አልኳቸው። የባላርዷን ሴት አስቤ ከበደኝ፤ ግን እሺ ብያለሁ።

ያ ቅዳሜ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የጎሳቸው ሸጀራ ሊታደስ ነውና፣ በየአገሩ ያለ ቤተሰብ የራሱን ቅርንጫፍ በምስክር ፊት እንዲያስጽፍ ተባለ። ያ ወረቀት ከተዘጋ በኋላ ለልጅ ልጆች የሚተርፈው እሱ ነው።

ሐጂ ያን ቀን ጎበዝ ነበሩ። አሥራ ስድስት አባት ሳይሳሳቱ ቆጠሩ፤ ሳሊምን አስጻፉ። ሴቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ አንደኛው ሽማግሌ «ሴትም ይጻፍ?» አሉ፤ ሐጂ «አንተን ማን ወለደህ?» አሏቸው፤ ጆሮ የሚከብዳቸው ሽማግሌ እንኳ ሰምተው ሳቁ። ጸሐፊው ሁለቱንም ጻፈ። ያሲን ተጻፈ። ከዚያ ሐጂ ዝም አሉ። አውሮፕላን አለፈ። አለፈና ሌላም አለፈ። ከብርድ ልብሱ ሥር ግራ እግራቸው ትንሽ ተነቃነቀ፤ አየሁት። ሐጃ ሰልማ እጃቸውን አንስተው የሐጂ እግር ላይ አኖሩ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ «ኡም ሩት፣ ማን ቀረ?» አሉኝ።

ስሟ አፌ ውስጥ ነበር። የሐጃን እጅ አየሁ፤ ዝም በይ የሚለኝ መሰለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያላበሉኝ ቀን የለም፤ በሰው ፊት ላዋርዳቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ልጆቹን ፈራሁ። ሥራዬንም ፈራሁ፤ አልዋሽም። የእትዬ ለተብርሃን ትእዛዝም መጣልኝ።

«ማንም አልቀረም፣ ሐጂ» አልኩ።

ፊቴን አዩት። የሚያምኑኝ ሰው ስለነበርኩ አመኑኝ። «ኸላስ» አሉ ለጸሐፊው፤ በቃ ማለት ነው።

ሳሊም «ምን አለሽ?» አለኝ።

«ደከመኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

ውሃውን ሰጠኋቸው። ጸሐፊው ከስሞቹ ሥር መስመር አሰመረ፤ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ።

ሰኞ ጠዋት ሐጃ ኩሽና ሳሉ ስህተቴን ላርም ቸኮልኩ። ፊት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን። አባቶቹ ተቆጠሩ። ሳሊም፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ያሲን። ትንሿን ጣት ይዤ ጠበቅኩ። ምንም አላሉም።

«ሐጂ፣ ይቺስ?» አልኳቸው።

ወደ እግራቸው አዩ። «ይቺ ጣት ናት» አሉ።

«ዘሃራ» አልኳቸው። ደገምኩላቸው። ባቲ አልኩ፤ ፋጡማ አልኩ። «የማን ልጅ ናት?» ብለው በትሕትና ጠየቁኝ፤ ስለ ሌላ ሰው ቤተሰብ እንደሚጠየቅ። ያስረሳቸው በሽታው ይሁን፣ እኔ «ማንም አልቀረም» ያልኳቸው ይሁን፣ አላውቅም። በየጠዋቱ ሞከርኩ። ከሰባት ወር በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን መልሰው አልጠሯትም። የመጨረሻውን ቀን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ተረከዛቸውም ወገባቸውም ንጹሕ ነበር፤ አንድ ቁስል አልነበረባቸውም። ኤጀንሲው አመሰገነኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያፍነኛል።

ለእትዬ ለተብርሃን በስልክ ነገርኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። «እርስዎ ነዎት ጆሮሽን አውልቂ ያሉኝ» አልኳቸው።

«ወሬ እንዳትሰሚ ነው ያልኩሽ» አሉ። «ያ ወሬ አልነበረም። አደራ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤቶች ሠራሁ፤ ሰባት ዓመት። እጄ ያው ነው፤ ከራስ ወደ እግር። ትንሿ ጣት ላይ ግን የማንም ሰው ቢሆን እቆማለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ያሲን ደወለልኝ፤ «ኻለቲ»፣ አክስቴ፣ ነው የሚለኝ። «ኻለቲ፣ ደህና ነሽ? የአባዬን ሪከርድ ከእናቴ ጋር እያዳመጥን ነበር። አንድ ቦታ የማይገባን ቋንቋ አለ። መጥተሽ ትተረጉሚልን?»

ሩት ይዛኝ ሄደች። ሐጃ ሰልማ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሳሊም ያው በር ላይ ቆሟል። ያሲን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አውሮፕላኑ፣ ዝምታው፣ ሌላው አውሮፕላን። ከዚያ የሐጂ ድምፅ፤ «ማን ቀረ?» ከዚያ የእኔ።

ሩት አማርኛ ትሰማለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ማሚ፣ ማን ነበር የቀረው?»

ተናገርኩ። መጀመሪያ ለሩት በአማርኛ፣ ከዚያ ለእነሱ በአረብኛ። ባቲን፣ ፋጡማን፣ የቅንድቡን ጠባሳ፣ ትንሿን ጣት፣ እሺ ያልኩትን፣ የዋሸሁትን።

ሳሊም «ሰባት ዓመት?» አለ። ድምፁን አላነሳም። «አባቴ አንቺን ጠየቀ፤ አንቺ ደከመኝ ነው የሚለው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ሶ፣ ትልቁ እኔ አይደለሁም» አለና ተቀመጠ። ሃምሳ ዓመት በቆመበት ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኘ ይመስል ነበር።

ወደ ሐጃ ዞርኩ። «ሐጃ፣ እርስዎን ፈርቼ ነው። እጅዎን እግራቸው ላይ ሲያኖሩ ዝም በይ ያሉኝ መሰለኝ።»

ሐጃ ሰልማ እጄን ፈልገው ያዙ። «ሳያገባኝ ነግሮኛል» አሉ። «በሐበሻ አገር ሴት ልጅ አለችኝ ብሎኛል። ስሟን ግን አልጠየቅሁትም። ስሟን ካወቅሁ ለምን አላመጣሃትም እለዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ያን ቀን የሚጨነቀው ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። እጄን ያኖርኩት ተናገር፣ አልከፋም ለማለት ነው።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እኔ ሰው እንዳይከፋ ብዬ ነበር፤ የሚከፋ ሰው ግን በዚያ ክፍል አልነበረም።

ሩት አቀፈችኝና በእንግሊዝኛ «እናቴ ሁልጊዜ ትፈራለች» አለቻቸው። እንደ ይቅርታ ጥያቄ አድርጋ ነው የተናገረችው።

ሳሊም ተነስቶ የቀርከሃውን ቱቦ አመጣ። የአባቱን አሮጌ ሸጀራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ አራቱን ጫፍ በብርጭቆ ያዝን። ያሲን እስክሪብቶ ሰጠው። ሳሊም አልተቀበለውም።

«ስሟን የሰማች አንድ ሰው ብቻ ናት» አለ። «እናቴ ስም አልሰማችም። ሪከርዱ ላይ አባዬ ይጠይቃል እንጂ ስም አይጠራም። አባዬ ቢኖር በቀለም አይጽፍም ነበር።»

እርሳስ አስፈለገ። ሩት ከቦርሳዋ አወጣች። ሳሊም ከራሱ ስም በፊት ባለው ባዶ ቦታ፣ በትልቁ ልጅ ቦታ፣ «ዘሃራ፣ እናቷ ፋጡማ፣ ባቲ» ብሎ ጻፈ። እኔ አረብኛ ማንበብ ባልችልም የት እንዳለች አሳየኝ፤ በጣቴ ሳልነካ፣ እንዳይደበዝዝ፣ ከላይ ከላይ ተከተልኩት።

ባቲ ዘመድ ያላቸውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ጠይቄያለሁ፤ ሳሊም በመስጊዱ ጠይቋል። እስካሁን የሚያውቃት አልተገኘም። በናስር ስም ላትጠራ ትችላለች። እሳቸው አገር ሲለቁ ፋጡማ ልጅቷን ይዛ ወደ አባቷ ወደ እንድሪስ ቤት እንደገባች ሐጂ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ዘሃራ እንድሪስ ተብላ አድጋ ይሆናል። በሕይወት ካለች ዛሬ ወደ ስድሳ ትጠጋለች። ግራ ቅንድቧ ላይ አጭር ጠባሳ አለ። አባቷ ባቲ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው ናስር አረቡ ነው። ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች አሏት፤ ሊያዩዋት የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት፣ የአባቷ ሚስትም አሉ።

ይህን ካነበባችሁ መሃል ዘሃራን የሚያውቅ፣ ወይም እናቷን ፋጡማን የሚያውቅ፣ ወይም ልጆቿን ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወሬዋን ላኩልኝ።